እንዲህ የሚል ወንድ

ባሌ ጋዜጣ ቤት አራሚ ነው። የምጽፋቸውን የፍቅር ልቦለዶችም የሚያርምልኝ እሱ ነው፤ እያረመም ያሾፍብኛል። «ቁም ነገር አትጽፊም?» ይለኛል፣ የጋዜጣው የስብሰባ ዜና ቁም ነገር ሆኖ። ጠርዙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ሁሌ የሚጽፋት ነገር አለችው፦ «እንዲህ የሚል ወንድ የለም።»

እኔ ደግሞ ንግግር ስጽፍ ጮክ ብዬ ካላልኩት አይሆንልኝም። ቅዳሜ ሽንኩርት እየከተፍኩ፣ በልቦለዴ ውስጥ ባሏን ጥላ የምትሄደውን ሴት ንግግር ሞከርኩ።

«በቃኝ፣ ሰልችቶኛል። ነገ ልብሴን ይዤ እሄዳለሁ።»

ባሌ ከሳሎን በካልሲው እየሮጠ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አንቺ ከሄድሽ ይሄ ቤት ግድግዳ ብቻ ነው» አለኝ።

የመጽሐፉ ነው እንዳልለው ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ግራ ገባኝ።

«አልሄድም» አልኩት። እጅጌውን ሰብስቦ ሳህኖቹን ሁሉ አጠበ።

እኔም ንግግሩን እንዳለ ወስጄ ለልቦለዱ ባል ሰጠሁት።

ሰኞ ገጹን አርሞ መለሰልኝ። «ግድግዳ ብቻ ነው» የሚለው ላይ በቀይ አስምሮ፣ ጠርዙ ላይ ያችኑ ጽፏል፦ «እንዲህ የሚል ወንድ የለም።»

ቀና ብዬ አየሁት። ተረጋግቶ ሻዩን ያማስላል።

ታዲያ ቅዳሜ ወጥ ቤቴ ውስጥ የቆመው ማን ነበር?