በየግማሽ ሰዓቱ የሚነሡት እንግዶች

ወንድሜ ስጦታው ቆርቆሮ ሲመታ ከጣሪያ ከወደቀ በኋላ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በራችን ላይ የምዋሸው እኔ እህቱ ነበርኩ። ጠያቂ ሲመጣ “ተኝቷል” እላለሁ። ውሸት ስለማልችልበት እግሬን እያየሁ ነው የምናገረው። ሰዎቹ ብርቱካናቸውን ሰጥተውኝ ይመለሳሉ። ቢቸና ውስጥ እሱ ጣሪያ ያልሠራበት ሰፈር ስለሌለ በመጀመሪያ ጠያቂው ብዙ ነበር። የሥራ ጓደኛው ስማቸው ብቻውን አሥራ አንድ ጊዜ መጥቷል። በኋላ እሱም ቀረ።

ስጦታው የሚያወራው ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ነበር፤ እሱንም በስልክ። ስርጉት ትባላለች፤ ሞጣ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት። እንደ እሱ የጀርባ አጥንቷ ተጎድቶ ከወገቧ በታች አይታዘዝላትም። እሷና ሁለት ጓደኞቿ አዲስ ለተጎዳ ሰው እየደወሉ ያጫውታሉ። ስጦታው መጀመሪያ ሦስት ጊዜ ዘጋባት። በአራተኛው “አሁንም ብትዘጋብኝ ቀሚስ ሰፍቼ እልክልሃለሁ” አለችው። ከክፍሉ የተሰማው ድምፅ ሳቅ መሆኑን እስካውቅ ድረስ፣ ትን ብሎት መስሎኝ ውኃ ይዤ ሮጫለሁ።

ከአምስት ወር በኋላ ልንጠይቅህ ነው ስትለው ሳምንት ሙሉ ተከራከራት። በመጨረሻ በአንድ ቅድመ ሁኔታ ተስማማ።

“ከሰፈሩ አንድ ሰው በዚህ ዊልቸር ላይ ቢያየኝ፣ ሁለተኛ ስልክሽን አላነሣም።”

ይህን ሲል እንደማይቀልድ አውቃለሁ። ያ ስልክ ዝም ካለ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማ ድምፅ አይኖርም።

እናታችን ደብረ ወርቅ ለቅሶ የሄደች ቅዳሜ፣ ሦስት ዊልቸር ጣሪያው ላይ የጫነ ሚኒባስ በራችን ላይ ቆመ። ከሁለቱ የስርጉት ጓደኞች አንዱ ፋንታ የድሮ የአውቶቡስ ረዳት ስለሆነ፣ የሚኒባሱን ረዳት አወራረድ እያስተማረ ወረደ። ሁለተኛው ጓደኛዋ ዲያቆን ወልደ ኪዳን ተከተለ። ስርጉት ጭኗ ላይ ቢጫ ጀሪካን ይዛለች፤ ለሽንት ቱቦዋ ማጠቢያ ያፈላችው ውኃ ነው። ጎረቤታችን እትዬ አስናቀች ደጅ ቆመው ነበርና ከየት እንደመጡ ጠየቁኝ። “ከሞጣ” ብዬ በሩን ዘጋሁ። የቆርቆሮ አጥራችን ቀዳዳ እንዳለው ረስቼ ነበር።

ግቢው ውስጥ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። ብዙ ሰዓት ሳይነሡ መቀመጥ ቁስል ስለሚያመጣ፣ የስርጉት ስልክ ማንቂያ በየግማሽ ሰዓቱ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ይጮኻል። ያኔ ሁሉም የወንበሩን እጀታ ተደግፈው በክንዳቸው ራሳቸውን ከመቀመጫው ያነሣሉ። ስጦታው በመጀመሪያው ደወል አፈረ። ፋንታ፣ ጣሪያ ላይ ሲንጠለጠል የኖረበት ክንድ የት እንደገባ ጠየቀው። በሦስተኛው ደወል አራቱም እየተፎካከሩ ነበር፤ ወንድሜ አሸነፈ። እኔም ሳቄን ሳልጨርስ በአጥሩ ቀዳዳ አንድ ዐይን አየሁ። ወዲያው የሚሮጥ የላስቲክ ጫማ ድምፅ ተሰማ።

ብዙ ሳይቆይ በር ተንኳኳ። ገርበብ አድርጌ ሳይ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ጀሪካን ይዘው ተሰልፈዋል። ከፊት እትዬ አስናቀች ናቸው።

“ደወል ተደወለ፤ አራቱም ከወንበራቸው ተነሡ። በዐይኔ ነው ያየሁት። በቢጫው ጀሪካን የመጣውን የሞጣ ጠበል ለብቻችሁ ልትጠጡት ነው?”

“ተኝቷል” አልኩ፤ ሌላ የሚባል አልመጣልኝም።

“የተኛው ሰውዬ ነው እኮ ሲነሣ ያየሁት።”

ተመልሼ ስነግራቸው ስጦታው ፊቱ ጠቆረ። ፋንታ ትንሽ ትንሽ እንርጫቸው አለ፤ ወልደ ኪዳን በጠበል አይቀለድም ብሎ ተቆጣው። ስርጉት እንባዋ እስኪፈስ ትስቃለች። ስጦታው ወጥታ እውነቱን እንድትነግራቸው ሲያዛት ግን ሳቋን አቆመች።

“እኔን ማን ያውቀኛል? ጠበሉን ደበቀችን ነው የሚሉት። የሚያምኑት አንተን ነው።”

ከውጭ የአንዲት አሮጊት ድምፅ ይሰማል፤ ወገባቸው መቆም ስለማይችል መሬት ላይ ተቀምጠው እንደሚጠብቁ ይናገራሉ። የቤታቸውን ጣሪያ የሠራላቸው ስጦታው ነው። ወንድሜ ለራሱ የሆነ ነገር አጉረመረመ። ከዚያ መንኮራኩሩን ወደ በሩ ገፋ።

በሩን ስከፍተው ሰዉ አንገቱን አሰገገ። ቀጥሎ እልልታው ቀለጠ። ሁለት ዓመት ተኝቷል የተባለ ሰው ነዋ።

“አልዳንኩም” አለ ስጦታው። እልልታው ባሰ።

የቱቦ ማጠቢያ ውኃ መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ደከመ። እትዬ አስናቀች ተቀይመው፣ ታዲያ ለምን ተነሣችሁ ብለው ያዙት። ስለ ቁስሉ ነገራቸው፤ አላመኑትም። በመጨረሻ እዚያው በር ላይ በክንዱ ተነሥቶ አሳያቸው፤ ሰዉ ጮክ ብሎ ቆጠረለት።

ከኋላ ስማቸው ትልቅ ጀሪካን አንጠልጥሎ እየተጋፋ መጣ። ስጦታው፣ ምን አሞት ጠበል ፈልጎ እንደመጣ ጠየቀው።

“እኔ ምንም አልሆንኩም” አለ ስማቸው። “አሥራ አንድ ጊዜ ብርቱካን ይዤ መጥቼ አላስገቡኝም። ምናልባት ጀሪካን ያስገባ እንደሆነ ብዬ ነው።” ይህን ሲል የሚያየው እኔን ነው።

ወንድሜ ወንበሩን ወደ ጎን አዞረና ቦታ ለቀቀለት።

እንግዶቹ ሚኒባስ እንዳያመልጣቸው ቸኩለው ሄዱ፤ ስጦታው በቅጡ አልተሰናበታቸውም። አመሻሹ ላይ ስልኩ ከክፍሉ ጮኸ። እሱ ስላላነሣው እኔ አነሣሁት። ስርጉት ናት፤ ድምፅዋ አንሷል።

“ስልክሽን አላነሣም ያለውን አደረገው አይደል? ተቆጣኝ?”

ወደ ደጅ ተመለከትኩ። ስማቸው አንድ የጣሪያ ሥራ ይዟልና ስጦታው መሬቱ ላይ በእንጨት እየሣለ፣ ማገሩ ጠማማ ነው እያለ ይከራከረዋል። እትዬ አስናቀች ባዶ ጀሪካናቸው ላይ ተቀምጠው ለስማቸው ይፈርዳሉ።

“ሰው ጋ ነው” አልኳት።

ክርክራቸውን እንድትሰማ ስልኩን ወደ ደጁ አዞርኩላት።

“በቃ አትጥሪው” አለች።