የፀጉር አስተካካዩ ቀኝ እጅ

ሰውየውን ታፔላው የሚሉት በሥራው ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ የዳቦ ቤቱንም፣ የጎማ ጠጋኙንም፣ የጥርስ ሐኪሙንም ታፔላ በብሩሽ የጻፈው እሱ ነበር። በኋላ ባነር የሚያትም ማሽን ከተማዋ ገባና ሥራው እንደ ጠዋት ጤዛ ረገፈ። እሱ ግን ብሩሹን አልጣለም። ፊደል የሚያጽፈው ሲያጣ ሰው መሣል ጀመረ። ለማን እንደሚሥል ሲጠይቁት፣ «ለግድግዳዬ» ይላል፤ ጨዋታውም በዚያው ያበቃል።

ፖስታ ቤቱ ወደ አዲስ ሕንፃ ሲዛወር፣ ጡረታ የወጡት የሥዕል መምህርት ማዘጋጃ ቤቱን ደጅ ጠንተው አሮጌውን ክፍል ለሥዕል ማሳያ ተረከቡ። ደብዳቤ ይለይባቸው የነበሩት የእንጨት ሣጥኖች አንደኛው ግድግዳ ላይ እንደተቸነከሩ ቀሩ፤ ሦስቱ ግድግዳዎች ነጭ ተቀቡ። መምህርቷ በከተማዋ ውስጥ እርሳስ የጨበጠ ሁሉ ሥራውን ይዞ እንዲመጣ ለፈፉ። አሥራ አንድ ሰው መጣ። መድኃኒት ቤት ያላት ሴት የሣለቻቸውን አበቦች አመጣች። የትራፊክ ፖሊሱ ከእንጨት የጠረባቸውን ወፎች በሁለት ካርቶን ይዞ ገባ፤ እነዚያን ሁሉ ወፎች መቼ እንደጠረባቸው አለቃውም አላወቀ። ታፔላው ሦስት ሥዕል ሰቀለ። ከሁለቱ ፊት የቆመ ሰው አልነበረም።

ሦስተኛው የእህቱ ባል ነው። የእህቱ ባል ዋናው መንገድ ላይ ባለ ሁለት ወንበር ፀጉር ቤት አለው፤ ከታፔላው ጋር ከልጅነት ጀምሮ አብሮ አደግ ናቸው፣ ጋብቻው በዚያ ላይ የተጨመረ ነው። ከምሳ በኋላ ደንበኛ ሲጠፋ በገዛ ወንበሩ ጋደም ብሎ ሸለብ ያደርገዋል። ታፔላው ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ይህን በመስኮት ስንት ቀን አይቷል። ነጭ ሽርጡን፣ ወደ ኋላ የተጣለ ራሱን፣ ከፈት ያለ አፉን፣ ጭኑ ላይ ያረፉትን ሁለት እጆቹን አንድም ሳያስቀር ሣለው። የሥዕሉን ነገር ለእህቱ ባል አልነገረውም። ሲያየው ይስቃል ብሎ ነበር።

ማሳያው ቅዳሜ ከሰዓት ተከፈተ። ሰው ሥዕሉ ፊት ተሰብስቦ፣ «ይሄ ነው ሥራ ማለት!» «ቀስቅሱት እንጂ፣ ፀጉሬ አደገ!» እያለ ይንከተከታል። ፀጉር አስተካካዩ ሙሉ ልብሱን ለብሶ መጣ። ገና ከበሩ ሳቁን ሰምቶ እሱም እየሳቀ ነበር። ሰዎቹ መንገድ ለቀቁለት። ሥዕሉን ከላይ እስከ ታች አየውና ሳቁ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ።

«አውርደው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ምን አልከኝ?»

«አውርደው ነው የምልህ።»

«እንዴ፣ ስትተኛ ነው የሣልኩህ፤ ሐሰት አለበት?»

«ስለ መተኛቴ ማን አወራ?» አለና በመጣበት እግሩ ተመለሰ።

ታፔላው ነገሩን እንደ ኩራት ቆጠረው። በስድሳ ዓመቱ እንቅልፋም ላለመባል ያኮርፋል፤ ሁለት ቀን አኩርፎ በሦስተኛው ይመጣል ብሎ ሥዕሉን አላወረደም።

ሰው ሳሳ ሲል ባለ መድኃኒት ቤቷ አጠገቡ መጥታ ቆመች። አበቦቿን ያመሰገነላት ሰው ስላልነበር ሊያመሰግናት አፉን ሲከፍት ቀደመችው።

«ጋሼ፣ ይህን ከሐሳብዎ ነው የሣሉት ወይስ እንዳዩት?»

«እንዳየሁት።»

«ግራ እጁ ቀኙን አንቆ ይዞታል።»

«አዎ፣ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚተኛ።»

«ሰው ሲተኛ እጁ ይፈታል» አለችው። «ይሄ ነቅቶ ሲታገለው ቆይቶ እንደያዘው የተኛ ነው። እጁ ይንቀጠቀጥ ይሆን?»

ታፔላው የገዛ ሥዕሉን ገና ያን ጊዜ ተጠግቶ አየው። የግራ እጁን ጣቶች አንጓ ነጭ አድርጎ የቀባ እሱ ራሱ ነው። ጥሩ ብርሃን አገኘሁ ብሎ ነበር እንጂ፣ እጁ ስለምን እንደነጣ አልጠየቀም።

ወደ ቤቱ ሲሄድ ነገሩ አንድ በአንድ መጣለት። የእህቱ ባል ምላጭ ከነካ ዓመት አልፎታል፤ «ዘመኑ የማሽን ነው» ይላል። ለመጨረሻ ጊዜ የታፔላውን ጺም ሲላጭ ጆሮው ሥር ቆርጦታል፤ «አንተ ነህ የተንቀሳቀስከው» ብሎ ተቆጥቶትም ነበር። ታፔላውም ያን ጊዜ ይቅርታ ጠይቆት ወጥቶ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ፀጉር ቤቱ ሄደ። የእህቱ ባል መስተዋት ይወለውላል፤ ዞር ብሎም አላየው።

«እጅህን አሳየኝ» አለው ታፔላው።

«ሥለኸው የለም እንዴ? ምኑን ላሳይህ?»

ፀጉር አስተካካዩ ጨርቁን ጥሎ ቀኝ እጁን ዘረጋ። አውራ ጣቱ ብቻውን፣ ባለቤቱን ሳያማክር፣ ይመታ ነበር።

«ሰው ጉሮሮውን አምኖ የሚሰጠኝ ለዚህ እጅ ነው» አለ። «ይህ ከተሰማ ማን ይቀመጥልኛል? አንተ ደግሞ ፖስታ ቤት ወስደህ ሰቀልከው!»

«አላወቅሁም እኮ።»

«ሳታውቅ ነው የሣልከው? ቀድመህ ለእኔ ብታሳየኝ ምን ነበረበት?»

ታፔላው የወደቀውን ጨርቅ አንስቶ ወንበሩ ላይ አኖረው።

«እህትህ አታውቅም» አለ የእህቱ ባል። «እንዳትሰማ።»

ታፔላው ከዚያ በቀጥታ ወደ ማሳያው ሄደና ሥዕሉን ከምስማሩ አነሳው። መምህርቷ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ «ሰው የሚመጣው እሱን ሊያይ ነው፤ ባዶ ግድግዳ ላሳየው?» አሉት። ቀለሙ በደንብ አልደረቀም ብሎ ዋሻቸው። አርባ ዓመት ሥዕል ያስተማሩ ሴት ናቸው፤ በጣታቸው ነካ አድርገው ደረቅ መሆኑን አዩና መንገድ ለቀቁለት። ሥዕሉን በአሮጌ አንሶላ ሲጠቀልል ጫፉን የያዘችለት ባለ መድኃኒት ቤቷ ነበረች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ለባለቤቲቱ ግን ባዳ አልሆነም፤ የሥዕሉን መውረድ ያንኑ ቀን ሰማች። እህቱ በማግስቱ ሳታንኳኳ ገባች። አምስት ዓመት ትበልጠዋለች፤ ዛሬም ድረስ ትንሹ እያለች ነው የምትጠራው።

«ትንሹ፣ የባሌን ሥዕል አምጣው።»

«እትዬ፣ ቀለሙ...»

«ቀለሙን ለመምህርቷ ንገራቸው። አምጣው ብዬሃለሁ።»

አንሶላውን ገለጠላት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ለረጅም ጊዜ አየችው። ወንድሟ ምን እንደሚላት ቸግሮት ብሩሽ አንስቶ የታጠበውን እንደገና ያጥብ ጀመር።

«ይህን እጅ የማላውቅ መሰላችሁ?» አለች በመጨረሻ። «ሻዩን እስከ ግማሽ ብቻ የምቀዳለት ስስታም ሆኜ ነው? የሸሚዙን የቁልፍ ቀዳዳ ሁሉ ሰፋ ያደረግሁትስ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እስኪነግረኝ ነዋ። እሱ የደበቀኝ መሰለው፣ እኔም ያላየሁ መሰልኩለት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እየሰማሁ፣ ቁጭ ብዬ አብሬው ደበቅሁ።»

ብድግ አለች። ሥዕሉን ያለ አንሶላው ብብቷ ሥር አድርጋ ወጣች። ዋናውን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ በፈጣን እርምጃ ስትሄድ ታፔላው ከኋላ ከኋላዋ ይከተላል። ሰው ሰላም ሲላት ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ታልፋለች።

ፀጉር ቤቱ ውስጥ የትራፊክ ፖሊሱ ግማሽ ራሱ ተስተካክሎ ግማሹ ቀርቶ፣ አንገቱ ላይ ጨርቅ ታስሮለት ተቀምጧል። እህቲቱ ሥዕሉን ባዶው ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ባልየው ማሽኑን አጠፋ።

«ነገርካት?» አለ ወደ ታፔላው ዞሮ።

«እኔ አልነገርኳትም።»

«ስለ እጅህ ማንም አልነገረኝም» አለች እሷ። «ና፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«ደንበኛ ይዣለሁ፣ አታይም?»

«ስለ እኔ አታስቡ» አለ ፖሊሱ በመስተዋቱ ውስጥ እያያቸው። «ቆብ አለኝ።»

ፀጉር አስተካካዩ ሥዕሉንም ሚስቱንም አየ። ከዚያ ሽርጡን ሊፈታ እጁን ወደ ኋላ ሰደደ። ቋጠሮው እንቢ አለው። ሞከረ፣ ደግሞ ሞከረ። ሚስቱ ሄዳ ፈታችለት። ታፔላው ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ባልና ሚስት ተከታትለው ሲወጡ እሱና ፖሊሱ ብቻ ቀሩ። ታፔላው ማሽኑን አንስቶ አገላብጦ አየው።

«ጋሼ፣ በፈጠረህ እንዳትነካኝ» አለ ፖሊሱ። «አንተ ታፔላ ነው የምትጽፍብኝ።»

የከተማው ሐኪም ወደ ትልቁ ሆስፒታል ጻፈላቸው፤ ከዚያ ኪኒን ይዘው ተመለሱ። ኪኒኑ መንቀጥቀጡን አበረደው እንጂ አላጠፋውም። ጠዋት ጠዋት እጁ ደህና ነው፤ ስለዚህ እስከ እኩለ ቀን ብቻ ይሠራል፣ በማሽን ብቻ። ለተቀመጠው ሁሉ አስቀድሞ፣ «እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ካልፈራህ ቁጭ በል» ይለዋል። የቀሩበት ቀሩ። ካሰበው ግን ያነሱ ናቸው።

ከታፔላው ጋር ሁለት ወር ያህል ከአንገት በላይ ሰላምታ ብቻ ተለዋወጡ። የተኛበትን ሥዕል እህቲቱ ወስዳ መኝታ ቤቷ ሰቀለችው፤ ባሏ ቢያጉረመርምም አላወረደችውም። አንድ እሑድ ፀጉር አስተካካዩ ታፔላው ቤት መጣና ሳይጋበዝ መስኮቱ ሥር ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ሣል» አለው። «አሁን ነቅቻለሁ፤ ዓይኔን ክፍት አድርገው።»

ሦስት እሑድ ተቀመጠለት። አፉ አላረፈም፤ አፍንጫዬን አሳጥረው፣ ፀጉሬን ጨምርበት ይላል። ታፔላውን ያስቸገረው እጁ ነው። የሚንቀሳቀስ ነገር ቆሞ እንዲታይ ማድረግ አልሆነለትም፤ አራት ጊዜ ፍቆ አራት ጊዜ ሣለው። በመጨረሻ ጉልበቱ ላይ ዝም ብሎ እንዳረፈ አድርጎ ተወው።

መምህርቷ በሚቀጥለው ማሳያ ሰቀሉት። አንድም ሰው አልሳቀ፣ አንድም ሰው ፊቱ ብዙ አልቆመ። ሰው ሁሉ የተሰበሰበው የፖሊሱ ወፎች ዘንድ ነበር።

«ከፊተኛው ያንሳል» አለ ታፔላው፣ ከእህቱ ባል ጋር ጎን ለጎን ቆመው ሲያዩት።

«ያንሳል» አለ ፀጉር አስተካካዩ። ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ አልነበረም። «ግን እንዲህ ነው መታየት የምፈልገው።»