ጸጥታ በእንግሊዝኛ

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ ኃይለልዑል ግን የሚቆጨው ነገር የለም። አገሪቱ ሳትከፈል የፖሊስ አዛዥ ሆኖ በላ። ወንዙ ወዲህ ለክርስቲያን፣ ወንዙ ወዲያ ለሙስሊም ተብላ ስትሸነሸን ደግሞ የወዲህኛው የጸጥታ ሚኒስትር ሆነና ማዕዱን ሳይለቅ ቀጠለ። አሁን ለንደን የመጣው እንግሊዞች ፖሊሶቹን እንዲያሠለጥኑለት ሊለምን ነው።

አስተርጓሚው ሮማንወርቅ ከሰሜን ለንደኑ ኤድመንተን በባቡር መጥታ የስብሰባው አዳራሽ በር ላይ ስታገኘው ክንዷን ያዝ አደረጋት።

«ወንድምሽ እኛው ጋ፣ ዋርካ ሰፈር ነው አሉ?»

«አዎ ክቡርነትዎ፣ የእናቴ ልጅ ነው። ዐብዱ ይባላል። ሰፈሩ ከተቃጠለ ወዲህ ስልኩ አይሠራም።»

«እስላም ነዋ! ግድ የለም፣ እኔ አስወጣልሻለሁ። አንቺ ብቻ ነገሬን አሳምሪልኝ።»

ናቀችው። ቢሆንም ለዐብዱ ስትል ንቀቷን ዋጥ አድርጋ አሳመረችለት። «ቀጥቅጠን» ሲል «አረጋግተን» አለች፤ «ቅማላም ስደተኛ» ያላቸውን «ተፈናቃዮች» አለቻቸው። እንግሊዞቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ጻፉ። እንዲህ ያለ ጨዋ ሚኒስትር አይተው አያውቁም።

በመጨረሻ አንዲት ሴት እጇን አወጣች። ዋርካ ሰፈር የቀሩትን ሙስሊሞች ማን ይጠብቃቸዋል ስትል ጠየቀች።

ኃይለልዑል ለሮማንወርቅ ሳቅ አለላት። «የምን መጠበቅ! አንድም የቀረ የለ። ሰፈሩ የተቃጠለ ሌሊት መውጫውን ዘግተንባቸው የለ እንዴ? ፍጹም ጸጥታ ሰፍኗል በይልኝ።»

ሮማንወርቅ አሁን ገባት። በሩ ላይ ቃል ሲገባላት ዐብዱ እንደሌለ ያውቅ ነበር። ውሸቱን ለመደበቅ እንኳ አልተጨነቀም፤ አሁን ደግሞ ረስቶት ይስቃል። እንዲህ ላለው ሰው ነው ስታሳምር ያረፈደችው! ራሷንም ጠላች።

ያለውን አንድም ሳታስቀር ቃል በቃል ተረጎመችው። ጸጥታውንም «ሳይለንስ» አለችው፣ የመቃብሩን ጸጥታ። እንግሊዞቹ መጻፍ አቆሙ።

ክቡርነቱ ለካ ያቺን ታህል እንግሊዝኛ ያውቃል። «ሰኪዩሪቲ!» ብሎ ሊያርማት ጠረጴዛውን ደበደበ። «ሰኪዩሪቲ! ሰኪዩሪቲ!»

በሩ ተበረገደና ሁለት ጥበቃዎች እየሮጡ ገቡ። ምን ተፈጠረ አሉ፣ እሱንና እሷን እያዩ። ኃይለልዑል የተጠየቀው አልገባውምና ተርጉሚልኝ በሚል ዓይን አያት።

«ወንድሜን ገድሎታል» አለቻቸው በእንግሊዝኛ።

ከዚያ ወደ እሱ ዞራ በአማርኛ ደገመችለት። «ወንድሜን ገድለኸዋል፣ አንተ!»