ሰላጣና የጅብ ጥላ

አሜሪካዊቷ ነርስ የአቶ ብዙነህን ጣት ወጋ አድርጋ የደሙን ጠብታ ለመመርመሪያው መሣሪያ ሰጠች፤ ቁጥሩን አየችና ከንፈሯን ነከሰች።

«ደምህ ወፍሯል፣ አባዬ» አለች ልጃቸው ስንዱ፣ የነርሷን ቃል እየተረጎመች። «እንዲህ ከቀጠለ ይረጋና ጭንቅላትህን ይመታሃል ነው የምትለው። ደም ማቅጠኛውን ኪኒን እየዘለልክ ነው አይደል?»

«መድኃኔዓለምን! አንድ ቀን አልዘለልኩም።»

«ባለፈውም እንዲሁ ነው ያልከው። እኔ ከኮሜርስ ሲቲ ድረስ ሥራዬን ጥዬ ነው የምመጣው!»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው ባርኔጣቸውን ያሽከረክሩ ጀመር።

ነርሷ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ሥዕል ጠቆመች። «ደም የሚያረጋ ቫይታሚን ያለባቸው ቅጠሎች ናቸው፤ በብዛት ጨምራችኋል ወይ ትላለች። ጎመን እንደሆነ ከልክያለሁ» አለች ስንዱ፣ ራሷ ጠይቃ ራሷ መልሳ።

ኪኒኑን በየማታው በእጃቸው የሚያጎርሱት ሚስትየዋ፣ እማማ ትርንጎ፣ ቀና ብለው አዩ። በቀይ የተከበበ ጎመን። ከጎኑ ሰላጣ! እንጉዳይ ግን ከታች፣ በአረንጓዴ ተከቦ ደህና ተቀምጧል።

ሁዳዴ ሲገባ ስንዱ «በሥጋ ፈንታ ይጠግነዋል» ብላ እንጉዳይ ብታመጣ፣ «የጅብ ጥላ ለባሌ አላበላም!» ብለው ቆሻሻ ውስጥ ደፍተውታል። በምትኩ ጠዋት ማታ በሎሚ የታሸ ሰላጣ፣ በትልቁ ሳህን። ቅጠል ምን አለው፣ ውሃ ነው ብለው። አምና ደግሞ እዚሁ ክሊኒክ የምግቡን ነገር የያዘ ወረቀት ሲሰጣቸው፣ የክሊኒኩ አስተርጓሚ «ላንብብልዎ?» ቢላቸው፣ «ምን፣ ደንቆሮ መሰልኩህ?» ብለው፣ ፊደል ባይቆጥሩም፣ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተውት ነበር።

ነርሷ ብዕሯን አነሳች።

«የኪኒኑን መጠን ልትጨምርልህ ነው» አለች ስንዱ። «አሁንም ዝለል እንግዲህ!»

«ተይው!» አሉ እማማ ትርንጎ። «እንዳትጽፍ በያት። እሱ ምንም አላጠፋም፤ ኪኒኑን የማጎርሰው እኔ። ሰላጣውንም እንደ በሬ ጠዋት ማታ ያበላሁት እኔ ነኝ። ተርጉሚላት።»

«እማዬ! ማን አብዪ አለሽ?»

የሽማግሌው ባርኔጣ መሽከርከሩን አቆመ።

እማማ ትርንጎ ቦርሳቸውን ከፍተው፣ ከአራት የታጠፈውን፣ ጠርዙ ያለቀውን የአምናውን ወረቀት አወጡና ለልጃቸው ዘረጉ።

«እንኪ። ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ» አሉ። «የጅብ ጥላው ሳይቀር።»