ከሁለት ፈረንጆች በኋላ

ከኮልፌ ወደ ቀራንዮ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ በነበረው የካቶሊክ የወንዶች ትምህርት ቤት በጸሐፊነት የተቀጠርኩት በ1950 ዓ.ም. ነው። ከዘበኛው ከይመር ባለቤት በቀር በግቢው ውስጥ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። እዚያ በቆየሁበት ዘመን ሦስት ዳይሬክተሮች ተፈራርቀዋል። ሁለቱ ፈረንጆች ናቸው። ሦስተኛው አባ ወልደ አማኑኤል ነበሩ። መናገር የፈለግኩት የእሳቸውን ነገር ነው፤ ግን ከፊታቸው የነበሩትን ሁለቱን ያላወቀ ሰው የእሳቸው ነገር አይገባውም።

የመጀመሪያው አባ አንሰልሞ የሚባሉ ጣሊያናዊ ናቸው። ትምህርት ቤቱን ከመሠረቱ ያቆሙት እሳቸው ነበሩ። ከግንበኞች ጋር ድንጋይ ሲሸከሙ ስለኖሩ ቀሚሳቸው ኖራ ተለይቶት አያውቅም። አማርኛ የተማሩትም ከግንበኞቹ ስለሆነ ሰውን ሁሉ “አንተ” ነበር የሚሉት፤ እኔንም ጭምር። “ገበያነሽ፣ አንተ ዛሬ አርፍደሃል” ሲሉኝ መጀመሪያ ሰሞን ሳቄን ለመደበቅ ወደ መሳቢያዬ አጎነብስ ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን ቀልድ የለም። አለንጋ ከእጃቸው አይለይም፤ ሕጋቸውም አይነቃነቅም።

ከሕጎቻቸው አንዱ፣ ማንኛውም ተማሪ ጠዋት ከትምህርት በፊት ጸሎት ቤት ይገባል የሚል ነበር። አንድ ቀን አቶ ሀያቱ የተባሉ የመርካቶ ነጋዴ ትልቁን ልጃቸውን ሀምዱን ይዘው መጡ። ቤታቸው ከአጥራችን ሥር ነው። ሕጉን ሲሰሙ፣

“እኔ ልጄን ያመጣሁት ትምህርት እንዲማር ነው። ሃይማኖት ከቤቱ አለው” አሉ።

“እንግዲያው ውሰደው” አሏቸው አባ አንሰልሞ።

ሰውየው የልጃቸውን እጅ ይዘው ወጡ። ያኔ ምክትል ዳይሬክተር የነበሩት አባ ወልደ አማኑኤል ከኋላቸው ተከትለው ሄዱ። ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ እምድብር አካባቢ ተወልደው በሚስዮን ያደጉ ወጣት ቄስ ነበሩ። በሩ ላይ ቆመው ከአቶ ሀያቱ ጋር በጉራጊኛ ብዙ ተነጋገሩ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ በማግስቱ ግን ሀምዱ ደብተሩን ይዞ መጣ።

የጸሎቱ ደወል ሲደወል አባ ወልደ አማኑኤል ሀምዱንና ሌሎች እስላም ልጆችን፣ ደግሞም ጥቂት የኦርቶዶክስ ልጆችን ይዘው ወደ ሕንፃው ጀርባ ሄዱ። እዚያ አዲስ የተተከሉ የጽድ ችግኞች ነበሩ። ልጆቹ በባዶ የቀለም ጣሳ ውሃ እየቀዱ ያጠጡ ጀመር። አባ አንሰልሞ ከጸሎት ወጥተው ሲያዩ ፊታቸው ቀላ።

“ይህ ምንድን ነው?”

“ጽድ እያጠጡ ነው፣ አባ።”

“በጸሎት ሰዓት?”

“ፀሐይ ሳይበረታ ካልጠጣ ይደርቃል” አሉ አባ ወልደ አማኑኤል።

ሽማግሌው ፊታቸውን አዙረው ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምክትላቸውን አላናግር አሉ፤ የሚሏቸው ነገር ቢኖር እንኳ በእኔ በኩል ነበር የሚልኩት። ሳምንት ካለፈ በኋላ ከመርካቶ አንድ ጋሪ መጣ። የጫነው አዳዲስ የአትክልት ውሃ ማጠጫ ነበር። አባ አንሰልሞ አስወርደው፣ “በቀለም ጣሳ ዛፍ አይጠጣም” ብለው ወደ ክፍላቸው ገቡ። የጸሎቱ ነገር ከዚያ በኋላ ተነስቶ አያውቅም።

በ1958 ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው ትምህርት ቤቱን የሚያስተዳድረው የቀሳውስት ማኅበር ወደ አገራቸው እንዲመለሱ አዘዘ። ሻንጣቸውን ሲሸክፉ ወረቀት ላስፈርም ገብቼ ነበር። አባ ወልደ አማኑኤል ሻንጣውን በገመድ ያስሩላቸዋል።

“እኔ የጠየቅኩት አንተ እንድትተካ ነው” አሏቸው ሽማግሌው። “ገና ነው አሉኝ።”

“ማን ይመጣል?”

“ካናዳዊ።”

አባ ወልደ አማኑኤል ገመዱን ጠበቅ አድርገው ቋጠሩ። ከዚያ ሻንጣውን ራሳቸው ተሸክመው ወደ መኪናው ወሰዱት።

ካናዳዊው አባ ሌናርድ ይባላሉ። ጢማቸው ቀይ፣ ዕድሜያቸው ከምክትላቸው ያነሰ፣ ሁልጊዜ የሚሮጡ ሰው ናቸው። በመጡ ሰሞን አለንጋውን ከቢሮ አውጥተው ለይመር ሰጡት፤ ይመርም ላሞቹን ይነዳበት ጀመር። ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ሰብስበው ከልጆቹ ጋር ኳስ ይጫወታሉ። እስላም ተማሪዎች ዓርብ እኩለ ቀን ላይ መስጊድ እንዲሄዱ ማንም ሳይጠይቃቸው ፈቀዱ። ቤተ ሙከራ አሠሩ። የትምህርት ቤቱ ስም በከተማው ገነነ። ከሩቅ ሰፈር በመኪና የሚመጡ ልጆች በዙ፤ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ መኪና ይሰለፋል።

ፈላጊው ሲበዛ አባ ሌናርድ የመግቢያ ፈተና አወጡ። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነበር። የኮልፌ ልጆች እንግሊዝኛ ከየት ያምጡ? የአቶ ሀያቱ ትልቁ ልጅ ሀምዱ ትምህርቱን ከእኛ ዘንድ ጨርሶ ወጥቷል፤ ሁለተኛው ሰይፈዲንም ፈተናው ሳይጀመር ስለገባ እየተማረ ነው። ትንሹ ረሻድ ግን ወደቀ። አባትየው ቢሮ መጡ።

“ሁለቱን አስተምራችሁ ሦስተኛውን ትመልሱታላችሁ?”

አባ ሌናርድ አንገታቸውን ደፉ። ነገር ግን ፈተና ፈተና ነው አሉ። አቶ ሀያቱ ሲወጡ አባ ወልደ አማኑኤል በሩን ዘጉት። በእንግሊዝኛ ነበር የሚነጋገሩት፤ እኔም በታይፕ ብዛት እንግሊዝኛው ገብቶኛል።

“የምንቀበለው ጎበዞቹን ነው” አሉ አባ ሌናርድ። “ይህ ጥፋት ነው?”

“ጎበዝ ማን እንደሆነ በምን አወቅን? ፈተናው የሚለየው ቤቱ እንግሊዝኛ የሚናገርለትን ልጅ ነው። አጥራችን ሥር ያለው ልጅ ደወላችንን እየሰማ ያድጋል፤ ሲደርስ ግን በሩን እንዘጋበታለን።”

“ታዲያ ምን ላድርግ?”

“ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሹን ስጡኝ።”

ሰጧቸው። የሰፈሩ ልጆች ቅዳሜ እየመጡ እንግሊዝኛና ሒሳብ መማር ጀመሩ። በሦስተኛው ሳምንት አባ ሌናርድ ራሳቸው ጠመኔ ይዘው ገቡና፣ “እንግሊዝኛው የእኔ ነው፤ የእናንተ አነጋገር ያስቀኛል” አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ቅዳሜ አልቀሩም። ረሻድ በዓመቱ አለፈ፤ ሌሎችም ጥቂት አለፉ። ብዙዎቹ ግን አላለፉም። ፈተናውም አልተነሣም።

አባ ሌናርድ በ1964 ጉበታቸውን ታመው ሄዱ። ሲሄዱ እሳቸውም እንደ ሽማግሌው ምክትላቸው እንዲተኩ ጠይቀው ነበር። የማኅበሩ አለቃ የላኩት የሹመት ደብዳቤ ግን “ለጊዜው” የምትል ቃል ነበረችበት። ደብዳቤውን ፋይል ያደረግኩት እኔ ነኝ። አባ ወልደ አማኑኤል አንብበው፣ “እስኪ ወንበሩን ወደ መስኮቱ እናስጠጋው፤ ብርሃን ይኖረዋል” አሉኝ። ለጊዜው የተባለው ሁለት ዓመት ሆነ።

የካቲት 1966 መጣ። ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ መንገዱ ሁሉ ሰልፍና ድንጋይ ሆነ። የእኛ ልጆችም ክፍል አንገባም ብለው ሜዳው ላይ ተሰበሰቡ። መሪያቸው የአቶ ሀያቱ ልጅ ሰይፈዲን ነበር፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ አንደበቱ የተሳለ። የቤተ ሙከራው መስተዋት ተሰበረ። አባ ወልደ አማኑኤል ሰይፈዲንን ቢሮ አስጠሩት።

“ውጭ መንገድ ላይ ሰው እየተመታ ነው” አሉት። “እናንተን ለእናቶቻችሁ በደኅና መመለስ አለብኝ። ክፍል ግቡ።”

“እርስዎ ዝም በሉ የተባሉ ነዎት፤ እኛን ዝም አያሰኙን” አለ ሰይፈዲን።

“ማን ነው ዝም በል ያለኝ?”

“ፈረንጆቹ ናቸዋ። አሥራ አራት ዓመት ምክትል ነበሩ። ከእርስዎ ያነሰ ሰው አምጥተው በላይዎ ሾሙ፤ ዝም አሉ። አሁንም ለጊዜው ነዎት። ተማሪው ሁሉ ያውቃል።”

አባ ወልደ አማኑኤል የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። መነጽራቸውን አወለቁና፣ “እውነትህን ነው” አሉ።

በዚህ መሐል ይመር እየሮጠ ገባ። ፖሊስ የጫነ መኪና በሩ ላይ ቆሟል፤ አንድ መቶ አለቃ ዳይሬክተሩን ይፈልጋል አለ። ወዲያው ከደረጃው ላይ የቦት ጫማ ድምፅ ተሰማ። ልጁ የሚወጣበት ሌላ በር አልነበረም። ከጥግ አሮጌው የጽሕፈት መኪና ነበር፤ ሰይፈዲንን ክንዱን ይዤ እዚያ አስቀመጥኩትና ኮቴን አለበስኩት።

“ምታ” አልኩት በሹክሹክታ።

“ምኑን?”

“ያገኘኸውን።”

መቶ አለቃው ገባ። ሰላምታው ትሕትና ነበረው፤ ሰውየው ራሱ እንቅልፍ ያጣ ይመስላል። ሰይፈዲን ሀያቱ የሚባለውን የአድማ መሪ እንደሚፈልግ ተናገረ። ከጥግ አንዲት ፊደል ብቻ ደጋግማ ስትመታ ትሰማለች፦ ቷ፣ ቷ፣ ቷ።

“ይህስ ማን ነው?” አለ ወደ ጥጉ እያየ።

“ታይፕ የማስተምረው ነው” አልኩ። “ገና አልቀናውም።”

መቶ አለቃው ወደ አባ ወልደ አማኑኤል ዞረ። “አባ፣ እርስዎ ቄስ ነዎት። ልጁ ግቢው ውስጥ አለ ወይስ የለም?”

አባ ወልደ አማኑኤል ተነሡ። መዋሸት እንደማይሆንላቸው አውቃለሁ።

“መቶ አለቃ፣ ይህን ጥያቄ አልመልስም” አሉ። “እዚህ ያሉት ልጆች ሁሉ በእኔ አደራ ናቸው። ያጠፉት ካለ የምጠየቀው እኔ ነኝ። አንድ ሰው ይዘህ መሄድ ካለብህ ኮቴን ልልበስ።”

“እርስዎን እንድይዝ አላዘዙኝም።”

“አንተም ባዶ እጅህን ብትመለስ አለቆችህ አይወዱልህም። እንሂድ።”

መቶ አለቃው ትንሽ አቅማማና ከፊት እንዲወጡ በእጁ አመለከተ። በሜዳው መሐል ሲያልፉ ልጆቹ መንገድ ለቀቁላቸው። አባ ወልደ አማኑኤል ቆም ብለው፣ “ጎረቤት ከጎረቤት እየተጠባበቃችሁ ወደየቤታችሁ ሂዱ። በትልቁ መንገድ እንዳትሄዱ” አሉ። ሰይፈዲን ኮቴን እንደለበሰ መስኮቱ ላይ ቆሞ ያይ ነበር።

ጣቢያ ሁለት ሌሊት አሳደሯቸው። አልመቷቸውም፤ ግን ሲሚንቶ ላይ ተኝተው ጀርባቸው ታመመ። ሁለቱንም ቀን አቶ ሀያቱና ሌሎች አባቶች ከጣቢያው ደጅ አልጠፉም፤ ሌላ ጊዜ ለሰላምታ እንኳ የማይቆሙ ሰዎች አብረው ግንብ ሥር ተቀምጠው ዋሉ። ሲለቀቁ አቶ ሀያቱ በታክሲ እንሂድ ቢሏቸው ታክሲ ከየት ይምጣ፣ እስከ ኮልፌ በእግር አጅበዋቸው መጡ።

በማግስቱ ሰይፈዲን ይቅርታ ሊጠይቅ መጣ። በር ላይ ቆሞ ለእግራቸው ሲያጎነብስ ትከሻውን ይዘው ቀና አደረጉት።

“ስለተናገርከው ነገር ይቅርታ አትጠይቀኝ። መስተዋቱን ግን ታስገባለህ።”

“እሺ፣ አባ።”

“ማትሪክም ታልፋለህ።”

ሁለቱንም አደረገ።

ከፋሲካ በኋላ የማኅበሩ አለቃ ሊያነጋግሯቸው ትምህርት ቤቱ ድረስ መጡ። ፖሊስ ጣቢያ የገባ ዳይሬክተር አሳስቧቸው ነበር፤ ለመስከረም ሌላ ሰው ከውጭ ሊያመጡ እንዳሰቡ ተናገሩ። አባ ወልደ አማኑኤል እስኪጨርሱ አዳመጡና፣ እኔ በዚያ ሁሉ ዘመን ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣

“አልስማማም” አሉ።

አለቃው ቀና ብለው አዩዋቸው።

“ሁለት ጊዜ ገና ነው ተባልኩ፣ ታዘዝኩ። አሁንም ብታዙኝ ቄስ ነኝና እታዘዛለሁ። ግን አልስማማም። ይህን ቤት አውቀዋለሁ። ሰፈሩም ያውቀኛል። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ለጊዜው የሚለው ይነሣ፤ የእንግሊዝኛው ፈተናም ለሰፈሩ ልጆች ይቅር።”

አለቃው ክፉ ሰው አልነበሩም። ፈተናውን ያንኑ ቀን አነሡ፤ የሰፈሩን አባቶችም አነጋገሩ። የሹመቱ ነገር ግን ደብዳቤ ሲመላለስ ክረምቱ አለፈ። የሹመቱ ደብዳቤ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ደረሰ፤ “ለጊዜው” የምትለዋ ቃል የለችበትም። አባ ወልደ አማኑኤል ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ወጥተው ለብቻቸው ሜዳውን ሲዞሩ በመስኮት አየኋቸው፤ ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። እኔም እንዳላየ ሆንኩ።

የዚያ መስከረም ምዝገባ እንደ ሌላ ጊዜ አልነበረም። ከተማው ሁሉ ንጉሡ ወረዱ እያለ ያወራል፤ እኛ በር ላይ ግን ሰልፉ እስከ ፌርማታው ደርሷል። ከአስኮ ድረስ የመጡ ነበሩ። ወንድ ልጇን በእጇ የያዘች አየለች የምትባል ሴት ከፊት ቆማ፣

“እመቤቴ፣ አለቃው ፈረንጅ የት ናቸው? ላናግራቸው ነው” አለችኝ።

“አለቃው ፈረንጅ አይደሉም” አልኳትና ጠቆምኳት።

አባ ወልደ አማኑኤል ከይመር ጋር ከአዳራሹ ረጅም አግዳሚ ወንበር ተሸክመው እየወጡ ነበር፤ እናቶቹ ፀሐይ ላይ ስለቆሙ ነው። ጀርባቸው ገና አልዳነም፤ እየተንገዳገዱ አወረዱት።

“ሌላም አለ” አሉ ለይመር፤ ተመልሰው ገቡ።