ፍየሏ የበላችው ደብዳቤ

ፍየሏ በላችው! ማህተሙንም ፊርማውንም ሁሉንም ቅርጥፍ! ይሄን ሳልናገር ብቆይ አንጀቴ ይበጠስ ነበር። አሁን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ፈንድሻ የምትባል ልጅ ነበረች። ስሙን ያወጣላት አባቷ ነው፣ ትንሽ ከሞቃት ጧ ስለምትል። እሱ ከተማ ውስጥ የትልቅ ሆስፒታል ፋርማሲስት ነው፤ ከመስታወት ጀርባ ቆሞ "በቀን ሦስቴ፣ ከምግብ በኋላ" ሲል ይውላል። ታዲያ ካለፈው ዓመት ጀምሮ አንድ አባዜ ያዘው። ገጠር! አየሩ! ጸጥታው! ወፎቹ! በዚህም አላበቃ፣ እህቱ ወዳለችበት መንደር ልዛወር ብሎ አመለከተ፤ ፈቀዱለት። ደብዳቤውን ነገ ጠዋት ለመንደሩ ጤና ጣቢያ ካልሰጠ ግን ቦታው ይሰረዛል።

ፈንድሻስ? ገና ባለፈው ሳምንት ነው እኮ ለትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ቡድን የተመረጠችው! ማን ጠየቃት? ማንም!

ዛሬ ደግሞ "ቦታውን እንልመደው" ብሎ በመኪና መንደሩ ድረስ አመጣትና ወንዝ ዳር አንሶላ አነጠፈ።

"ሳቢው! ይሄን አየር ሳቢው እስቲ!"

ሳበችው። እበት እበት ይላል።

"አባዬ፣ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ እኮ!"

"ተፈጥሮ ነዋ የኔ ልጅ!"

ወንዝ የወረደችው አክስቷ ጀሪካኗን አስቀምጣ ሳቀችበት። "አንተ፣ አየሩን በጠርሙስ ልሙላልህ እንዴ? እኛ ያጣነው መድኃኒት ነው እንጂ አየር መቼ አጣን! ቁም ሳጥኑ ሙሉ ነው፣ የሚሰጥ ሰው ጠፍቶ ተቆልፎ አስራ አንድ ወሩ። የጎረቤቴ ልጅ ደረቱ በተዘጋ ቁጥር እናቱ አዝላው አራት ሰዓት በእግሯ ትሄዳለች።"

ፈንድሻ አልሰማሁም ብላ እንቁላል ላጠች።

እዚህ ጋ ስለ አባቷ አመል ልንገራችሁ። ያገኘውን ወረቀት ሁሉ እንደ ዱቄት መድኃኒት አራት ማዕዘን አጥፎ ይጠቀልልበታል። ፍሬ ለውዝ ቢሆን፣ የሸሚዝ ቁልፍ ቢሆን ይጠቀልላል! ጠዋትም ሲጣደፍ ለእንቁላሉ ጨው ጠቅልሎ ነበር። በልተው ሲጨርሱ ጥቅልሏን አንሶላው ላይ ትቶ እግሩን ሊታጠብ ወረደ፤ አክስቷም ውኃ ልትቀዳ ተከተለችው።

ፍየሏ መጣች። ጨው ሸቷታል። ጥቅልሉን ላስ ላስ ስታደርገው ተፈታ፤ ፈንድሻም ሐምራዊውን ማህተም አየች።

እጇን ብትዘረጋ ይደርስ ነበር። "ሂጂ!" ብትል ይበቃ ነበር። እሷ ግን እጆቿን ጭኖቿ ሥር ከታ ታያት ጀመር። ፍየሏ ከላይ ጀምራ ወደ ታች ወረደች፣ ፊርማውን ለመጨረሻ አቆየችው። ፈንድሻ ፍየሏን ግንባሯን ልትስማት ምንም አልቀራት!

ደስታዋ ግን አንድ ደቂቃም አልቆየ። በመንገዱ አንዲት እናት ልጇን አዝላ መጣች፣ ያቺ የአክስቷ ጎረቤት። ልጁ ሲተነፍስ ከርቀት እንደ ፉጨት ይሰማል።

"ፋርማሲስቱ አንተ ነህ አሉ፣ ወንድሜ?" አለች፣ ላቧን እየጠረገች።

"ከነገ ጀምሮ!" አለ አባቷ ከወንዙ ወጥቶ በባዶ እግሩ ቆሞ፣ ደረቱን ነፍቶ።

ሴትዮዋ መሬት ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች፣ ብዙ ሰዓት ቆማ እንደዋለች ሰው። ልጁ በእናቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ፈንድሻን አያት። ምን ያያል አሁን! እሷ ምን አደረገች?

"ፈንድሻዬ፣ ደብዳቤውን ከቦርሳዬ ኪስ አምጪልኝ፣ ላሳያቸው!"

መኪናው ጋ ሄደች፣ ኪሱን ከፈተች። ውስጡ ጨው ሊጠቀልልበት ያሰበው ባዶ ወረቀት በሥርዓቱ ታጥፎ ተቀምጧል። ኧረ አባዬ! ሁልጊዜ እንዲህ ነህ!

ስልኳን አየች። ስምንት ሰዓት። አባቷ ጠዋት እንደነገራት፣ ከተማ ያለው ማህተም የሚመታው ኃላፊ ዛሬ አስራ አንድ ላይ ለአንድ ወር ፈቃድ ይወጣል። ከተማው በመኪና ሁለት ሰዓት ነው። አሁን ብትናገር ይደርሳል፤ የሙዚቃ ቡድኑ ግን ቻው! "አላገኘሁትም" ብላ ብትቆይ ደግሞ ሁሉም ነገር በራሱ ያልቃል፤ ተጠያቂዋ ፍየል ናት።

"ፈንድሻ! አገኘሽው?"

ፍየሏ መጥታ አጠገቧ ቆመች፣ እያመነዠከች። ከታች ያ ፉጨት ይሰማል።

እስቲ ንገሯት፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር? ግን ቶሎ በሉ፣ እየጠራት ነው!