ተመራማሪው ሥራ ላይ ናቸው

«እማማ፣ እባክዎ ከዚያ በር ራቅ ይበሉ!»

ታቢታ ይህን ያለችው ስለ አፈር ምርመራ ለጎብኚዎቿ እያስረዳች፣ ዓይኗ ግን ኮሪደሩ ላይ እንዳለ ነው። እማማ አበበች ከቡድኑ ተነጥለው፣ ነጠላቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አድርገው፣ የተቆለፈው በር ላይ ተለጥፈዋል። ማን ሊሰማት! ሐሙስ በመጣ ቁጥር የሚያደርጉት ይኸንኑ ነው።

ሐሙስ የሰፊው ሕዝብ የጉብኝት ቀን ነበር። አዋሳ ውስጥ ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ትልቅ የምርምር ላቦራቶሪ ብርቅ ነው። አንዱን ሳምንት የቱላ ገበሬዎች፣ ሌላውን ሳምንት ተማሪዎች ይመጣሉ፤ ዛሬ ደግሞ የቀበሌ ሴቶች ናቸው። ታቢታ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ከክፍል ክፍል እየመራች፣ ዘር እንዴት እንደሚመረጥ፣ አፈር እንዴት እንደሚመረመር ታሳያቸዋለች። ሴቶቹ «ወይ ጉድ!» እያሉ ተራ ይዘው ማይክሮስኮፑ ላይ ያጎነብሳሉ። የሚያዩበትን ዓይን ጨፍነው «ኧረ ምንም የለበትም!» የሚሉም አይጠፉም።

ከአፈሩ ክፍል ቀጥሎ ግን ያ የተቆለፈ በር አለ። ከጎብኚዎቹ አንዱ «እዚህስ ምን አለ?» ማለቱ አይቀርም። ታቢታ የምትመልሰውን ያስጠናት የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ ጓድ በኃይሉ ነው። «በዚህ ክፍል ተመራማሪው ሥራ ላይ ናቸው፤ አንረብሻቸውም» ትላለች፣ ሐሙስ ሐሙስ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ።

የምን ሥራ! ተመራማሪው ተፈራ አምና ጥር ላይ ጠመንጃ በያዙ ሰዎች ተወስዷል። በማግሥቱ ጠዋት ዘበኛው ጋሼ ኩማ ወደ ሥራ ሲመጣ፣ መንገድ ዳር ከተጣሉት ሬሳዎች መካከል በሹራቡ ለይቶታል። የነገረው ለታቢታ ብቻ ነው፤ ነግሯት ሲያበቃም «አልነገርኩሽም» ብሏታል። ለእንዲህ ያለ ሬሳ ማልቀስ ክልክል ነበር። እንባ ያፈሰሰ ሰው ራሱ ይጠረጠራል።

ክፍሉ ውስጥ ዘር የሚቀመጥበት ትልቅ ማቀዝቀዣ ስላለ መብራቱ አልተቆረጠም። ሰኞ ሰኞ ቅዝቃዜውን እያየች የምትወጣው ታቢታ ናት፤ ቁልፉም ኪሷ ውስጥ ነው። በገባች ቁጥር ወንበሩ ወደ ኋላ እንደተገፋ፣ የተፈራ ጋዋን ሚስማሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ይቆያታል። ሰውዬው ሻይ ሊጠጣ ወጣ ያለ ነው የሚመስለው። ሳታስበው «እንደምን አደሩ» ትላለች፤ ካለች በኋላ ጸጉሯ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የማቀዝቀዣው ሞተር ድንገት ግርር ሲልማ የመለሰላት ይመስላትና እግሬ አውጪኝ ነው። ቤቷ ገብታ እንኳ ያ ድምፅ ከጆሮዋ አይወጣም።

እማማ አበበች የተፈራ እናት ናቸው። ልጃቸው ምን እንደደረሰበት የነገራቸው የለም፤ የጠየቁት ቢሮ ሁሉ «አናውቅም» ብሎ መልሷቸዋል። ታዲያ አንድ ሐሙስ ቀበሌያቸው ለጉብኝት ቢያመጣቸው፣ ልጃቸው ይሠራበት ከነበረው ክፍል በር ላይ ታቢታ «ተመራማሪው ሥራ ላይ ናቸው» ስትል ሰሙ። ሰሙና አመኑ። ምን ያድርጉ፣ እናት ናቸው! መንግሥት ለምስጢር ሥራ ልጃቸውን ውስጥ ያስቀመጠው ሆኖ ታያቸው። ከዚያ ወዲህ ካገኙት ቡድን ጋር ተቀላቅለው ይመጣሉ፤ ጋሼ ኩማም አንድም ቀን ከልክሏቸው አያውቅም።

ታቢታ ስንቴ ልንገራቸው ብላ አፏን ከፈተች! አባቷ ግን በእምነቱ የተነሳ ታስሯል፤ እናቷና ታናናሾቿ በልተው የሚያድሩት በእሷ ደመወዝ ነው። እና አፏን መልሳ ትዘጋዋለች።

«ልጄ፣ ዛሬስ አትቆጪኝ» አሉ እማማ አበበች ከበሩ ሳይላቀቁ። «ወንድሜ ከወሎ መጥቶ ነገ ይዤሽ ካልሄድኩ እያለኝ ነው። እውነቱን ነው፤ ብቻዬን ነኝ፣ ዓይኔም ደክሟል። ግን ልጄን እዚህ ትቼ የት እሄዳለሁ?»

«ይሂዱ እማማ። ከወንድምዎ ጋር ይሂዱ።»

«ድምፁን ልስማና እሄዳለሁ። ‹ደህና ነኝ እማ› ይበለኝ፣ በቃ። ካልሰማሁ ንቅንቅ አልልም፤ እዚሁ እሞታለሁ እንጂ።»

ሴቶቹ ማይክሮስኮፑን ትተው አንድ ባንድ ወጡና ከበቧቸው። እማማ አበበች በሩን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ።

«ተፌ! ተፈራዬ! እኔ ነኝ!»

ውስጥ ሞተሩ ግርርር አለ።

«አለ!» ብለው ጮኹ። «ሰማኝ! ሰማችሁት አይደል? እዚህ ነው ያለው!»

«እሰይ! እሰይ እማማ፣ እንኳን ደስ ያለዎት!» አለች አንዷ፤ ሌላዋ ደግሞ እልልታዋን ለቀቀችው።

ታቢታም ብትሆን ለአንድ አፍታ፣ እግዜር ያውቃል፣ ውስጥ ሰው ያለ መስሏት ነበር። ከዚያ የእማማ አበበችን ፊት አየች። የሰው ደስታ እንዲህ ያስፈራል ብላ አስባ አታውቅም። ነገ ወንድማቸውን ብቻውን ሊሸኙት ነው። ዓይናቸው ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ ሐሙስ ሐሙስ እየመጡ ማቀዝቀዣ ሲጠሩ ሊኖሩ ነው። ይህን ሁሉ ያመጣው ደግሞ የእሷ አፍ ነው።

«እማማ፣ እስቲ ወደዚህ ጠጋ ይበሉልኝ» አለችና ቁልፉን አወጣች። በሩን ከፈተችው።

እማማ አበበች ገቡ። ወንበሩን አዩ። ጎንበስ ብለው ጠረጴዛው ሥር አዩ፤ ማቀዝቀዣው ጀርባ ዞረው አዩ። በመጨረሻ ጋዋኑን በጣታቸው ዳበሱት።

«የት ሄደ?»

«እማማ፣ ተፈራ የለም።»

«ወጣ እንዴ?»

«ሞቷል እማማ። አምና ጥር ላይ ወሰዱት። በማግሥቱ ሬሳውን ያየ ሰው አለ።»

«ቀብሩስ?»

«አላውቅም። የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።»

«ታዲያ ሐሙስ ሐሙስ ሥራ ላይ ናቸው ስትይ የነበረው?»

«ውሸት ነው። በይ አሉኝ፣ አልኩ። ፈርቼ ነው እማማ።»

ይረግሙኛል ብላ ጠበቀች። አልረገሟትም። ጋዋኑን ከሚስማሩ አውርደው ደረታቸው ላይ አቀፉና፣ ወደ ኮሪደሩ ወጥተው ሲሚንቶው ላይ ዝርፍጥ አሉ። ከዚያ ቀና ብለው፣ ጉዳይ ሊያስፈጽም ቢሮ እንደገባ ሰው፣ በቀስታ ጠየቋት።

«ልጄ፣ እዚህ ማልቀስ ይቻላል?»

ያቺ እልል ያለችው ሴት አፏን በነጠላዋ አፍናለች። ሌሎቹ ወደ መውጫው ያያሉ፣ መልሰው ወለል ወለሉን ያያሉ።

በዚህ መሃል ከኮሪደሩ ጫፍ ጓድ በኃይሉ ከቢሮው ብቅ አለ። ክፍሉ ወለል ብሎ መከፈቱን ሲያይ ፊቱ ልውጥ አለ።

«ማነው ይሄን የከፈተው?»

«እኔ ነኝ» አለች ታቢታ።

ጓድ በኃይሉ አጠገቧ ደርሶ ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጓዲት ታቢታ፣ ስሚኝ። በሩን ቆልፊና ቡድኑን ወደሚቀጥለው ክፍል ይዘሽ ሂጂ። ሴትዮዋን ኩማ ያስወጣቸዋል። አንቺም ምንም አላደረግሽ፣ እኔም ምንም አላየሁ።»

ነፍሷን ሊያተርፋት ፈልጎ ነው፤ ታቢታም ገብቷታል። እንዲህ ያለ ምሕረት በዚያ ዘመን ከየት ይገኛል? «ተከተሉኝ» ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። እናቷ ፊቷ ላይ ድቅን አለች። ታናናሾቿም።

«ሰዎቹን ሌላ ሰው ያስጎብኛቸው፣ ጓድ በኃይሉ» አለች። «እኔ ለቅሶ ላይ ነኝ።»

ከእማማ አበበች አጠገብ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠችና ትከሻቸውን አቀፈች።

«ይቻላል እማማ» አለቻቸው፤ «ያልቅሱ።»